ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሩን የማይከፍት ሊፍት

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ ጂ+5 ሕንፃ ላይ የተተከለ ሊፍት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት እንግዳ የሆነ ችግር ገጥሞት ነበር። ጠዋት ያለ አንዳች እንከን ሲሠራ ይቆይና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ይቆማል፤ በሩን ግን አይከፍትም። ተሳፋሪው ቁልፉን ደጋግሞ ቢጫንም መልስ የለም። ጥቂት ቆይቶ ካቢኑ በዝግታ ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣና እዚያ ይከፍታል፤ ሰውም አንድ ፎቅ በደረጃ ወርዶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ለጉልማሳ ይህ ትንሽ እንግልት ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋዊት ወይም ሕፃን ለታቀፈች እናት ግን በተዘጋ ካቢን ውስጥ የሚያልፈው ግማሽ ደቂቃ ረጅም ነው።

የዚህ ሊፍት ጥገና በእኔ እጅ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ማሽን ሩም፣ ማለትም የሊፍቱ ሞተር ያለበት ክፍል፣ ገብቶ መሥራት የሚከብደው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ሁለቱንም ጊዜ የሄድኩት ጠዋት ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ካቢኑን ሃያ ሠላሳ ጊዜ አመላልሼ አንድም ስሕተት ሳላይበት ተመለስኩ። መንገዱን ያሳዩኝ በሦስተኛው ፎቅ ላይ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው። በሩ እምቢ ያለባቸውን ቀንና ሰዓት በደረሰኝ ጥራዛቸው ጀርባ ላይ አንድ በአንድ መዝግበው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ እስቲ ይህን እየው፤ አንዱም ከምሳ በፊት አይደለም» አሉኝ። አሥራ አራት መስመር ነበር። ከሁሉም የቀደመው ሰዓት ዘጠኝ ከአምስት ነው፤ ከሁሉም የዘገየው ደግሞ አሥር ከሩብ። ከብዙ የስልክ ስሞታ ይልቅ ያ ወረቀት ጠቀመኝ።

ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ሊፍት ካቢኑ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ የት እንዳለ የሚያውቅበትን መንገድ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ መፍትሔው በአጋጣሚ የተገኘ ይመስላል። የሕንፃ ባለቤቶች ሊፍት ሲገዙ ስለ ካቢኑ መስታወት፣ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስንት ሰው እንደሚጭን ይጠይቃሉ። ካቢኑ ያለበትን ቦታ በምን እንደሚያውቅ የጠየቀኝ ባለቤት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ በየዕለቱ ከሚያጋጥሙኝ ብልሽቶች ብዙዎቹን የማገኛቸው በዚሁ በኩል ነው፤ ስለዚህም ነው ጉዳዩን ረዘም አድርጌ ለመጻፍ የፈለግሁት።

የሊፍቱን እንቅስቃሴ የሚያዘው ኮንትሮል ካቢኔት ከጉድጓዱ በላይ ባለው ማሽን ሩም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የብረት ሣጥን ነው። ካቢኑን አያየውም፤ ገመዱ ከወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ምን ላይ እንደደረሰ የሚያውቀው በሽቦ ከሚመጣለት ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ ምልክት ብዙ ነገር መረዳት አለበት። ካቢኑ በስንተኛ ፎቅ አካባቢ እንዳለ፣ ተሳፋሪው ወደጠራበት ፎቅ ስንት ሜትር እንደቀረው፣ ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምረው የት ላይ እንደሆነ፣ ከቆመም በኋላ የካቢኑ ደፍና የፎቁ ደፍ ተስተካክለው እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ፍጥነት ለመቀነስ የአንድ ወይም የሁለት ሳንቲ ሜትር ስሕተት ብዙ አይጎዳም። ደፍ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ማለት የሰው እግር የሚያደናቅፍና የተሽከርካሪ ወንበርን የፊት ጎማ የሚይዝ ከፍታ ነው። ኢ.ኤን. 81-20 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ሊፍት ሲቆም የሁለቱ ደፎች ልዩነት ከ10 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣም ከ20 ሚሊ ሜትር ካለፈ ካቢኑ ራሱን እንዲያስተካክል ያዝዛል።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት መሣሪያ ኢንኮደር ይባላል። ከሞተሩ ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞር ዲስክ አለው፤ በዞረ ቁጥር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። በአንድ ዙር 1024 ምት የሚሰጥ ኢንኮደር ዲያሜትሩ 400 ሚሊ ሜትር በሆነ የገመድ መዘውር ዘንግ ላይ በቀጥታ ቢገጠም፣ መዘውሩ በአንድ ዙር 1,257 ሚሊ ሜትር ገመድ ስለሚያሳልፍ እያንዳንዱ ምት 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይወክላል። ምቶቹ በሁለት መስመር ይመጣሉ፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ስለሚቀድም ኮንትሮሉ የትኛው እንደቀደመ አይቶ ካቢኑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየሄደ መሆኑን ይለያል። ሊፍቱ መጀመሪያ ሲተከል ከታች እስከ ላይ በዝግታ አንድ ጊዜ እንዲጓዝ ይደረግና የእያንዳንዱ ፎቅ የምት ቁጥር በማኅደረ ትውስታው ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ማለት ለኮንትሮሉ አንድ ቁጥር ነው።

የዚህ ዘዴ ድካም ለድሬዳዋ ሰው በባቡር ምሳሌ በቀላሉ ይገባል። ከተማችን የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው፤ ርቀቱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ባቡር ነጂ ከጅቡቲ ተነሥቶ የመንኮራኩሩን ዙር ብቻ በመቁጠር የት እንደደረሰ ሊያውቅ ቢፈልግ፣ ሒሳቡ ልክ የሚሆንለት መንኮራኩሩ በሐዲዱ ላይ አንድም ጊዜ ካልተንሸራተተና በመበላት ካላነሰ ብቻ ነው። ከሐዲዱ ዳር የተተከለ የኪሎ ሜትር ምልክት ግን ከመንኮራኩሩ ጋር ጉዳይ የለውም። መሬቱ ላይ ቆሟል፤ በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ ቁጥሩን ያነብባል። ኢንኮደር የመንኮራኩር ቆጠራ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ካቢኑን ከሚመራው የብረት ሬል ጋር የሚታሰረው የፎቅ ምልክት ደግሞ የኪሎ ሜትር ምልክቱ ነው።

ሊፍት ላይ ቆጠራውን የሚያሳስተው ብዙ ነው። ገመዱ በመዘውሩ ላይ የሚጎተተው በሰበቃ ብቻ ስለሆነ፣ በካቢኑና በገመዱ ሌላ ጫፍ በተንጠለጠለው ሚዛን በኩል ያለው ውጥረት እኩል ባልሆነ ቁጥር በጥቂቱ ይንሸራተታል። አንድ ጉዞ ላይ የማይታይ ነው፤ በመቶ ጉዞ ግን ይጠራቀማል። የመዘውሩ ቦይም በዘመን ብዛት ይበላል። ቦዩ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጎደጉድ ዲያሜትሩ ከ400 ወደ 398 ይወርዳል፤ ይህ የግማሽ በመቶ ለውጥ ነው፣ ከምድር እስከ አምስተኛ ፎቅ ባለው የ16 ሜትር ጉዞ ላይ ግን 8 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ያመጣል።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ እሱም ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚመጣው ነው። ስምንት ሰው የሚጭን ሊፍት 630 ኪሎ ግራም ይይዛል። ካቢኑ ምድር ቤት ቆሞ ስምንቱም ሰው በአንድ ጊዜ ቢገቡ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው አራት ገመዶች ላይ፣ የገመዱ ርዝመት ወደ 20 ሜትር ቢሆን፣ በእኔ ስሌት ገመዱ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ካቢኑ ያን ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ኢንኮደሩ ግን አንድም ምት አይቆጥርም፤ ሞተሩ አልዞረምና። የካቢኑን መውረድ ሊናገር የሚችለው ካቢኑ ላይ ተቀምጦ ከሕንፃው ጋር የታሰረውን ምልክት የሚያይ ሴንሰር ብቻ ነው። አንዳንድ አምራቾች ኢንኮደሩን ከሞተሩ አንሥተው የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ ማለትም የገቨርነሩ መዘውር ላይ ያደርጉታል፤ የገቨርነር ገመድ ካቢኑ ላይ ታስሮ አብሮ የሚጓዝ ሆኖ የካቢኑን ክብደት ስለማይሸከም መንሸራተቱም መለጠጡም አነስተኛ ነው። እኔ ይህን አሠራር እመርጣለሁ። ቢሆንም እሱም ቆጠራ ነው፤ የፎቅ ምልክትን አይተካም።

የፎቅ ምልክት በሁለት ዐይነት ይሠራል። አንደኛው በብርሃን ነው። ካቢኑ ጣራ ላይ ሹካ የሚመስል ሴንሰር ይታሰራል፤ በአንዱ ጥርሱ ላይ ለዐይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚልክ አለ፣ በሌላው ጥርሱ ላይ ተቀባዩ አለ። በየፎቁ ከሬሉ ጋር የተያያዘ ቀጭን የብረት ቁራጭ ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ ካቢኑ ፎቁ ጋ ሲደርስ ቁራጩ በሹካው መካከል ገብቶ ብርሃኑን ይጋርዳል። ብርሃኑ ሲጋረድ ኮንትሮሉ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ቆጠራውን ከተመዘገበው ቁጥር ጋር ያስተካክላል፤ ካቢኑ በር በሚከፈትበት ክልል ውስጥ እንደገባም ይረዳል። ይህ ሁለተኛው ሕይወትን የሚጠብቅ ነው። ኮንትሮሉ «ሦስተኛ ፎቅ ደርሻለሁ» ብሎ ቢያምን እንኳ ከበር ክልሉ ሴንሰር ማረጋገጫ ካላገኘ በሩን አይከፍትም፤ በሁለት ፎቆች መካከል ተከፍቶ ሰው ወደ ጉድጓዱ እንዳይወድቅ ነው።

አሁን ወደ ከዚራው ሊፍት ልመለስ። በሦስተኛ ፎቅ ላይ የታየው ጠባይ ይህንኑ ይናገራል፤ በቆጠራ ደርሶ ቆሟል፣ ማረጋገጫውን ግን አላገኘም፣ ስለዚህም በሩን ከመክፈት ይልቅ ወደሚቀጥለው ፎቅ ሄዶ ሞከረ። የተሳሳተው ሊፍቱ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ መሥራት የሚገባውን ሠርቷል። የቀረው ጥያቄ ብርሃኑ ለምን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ብቻ እንደማይጋረድ ነው።

በሦስተኛው ጉዞዬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ካቢኑን በኢንስፔክሽን፣ ማለትም ለፍተሻ በዝግታ በሚነዳበት አሠራር፣ አድርጌ ጣራው ላይ ወጣሁ፤ በእጅ እየነዳሁም ሦስተኛ ፎቅ ጋ አቆምኩት። የብረት ቁራጩ በሹካው መካከል በትክክል ገብቷል፤ ሴንሰሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራትም በርታለች። ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ በጉድጓዱ ደቡብ ምዕራብ ግድግዳ ላይ ለአየር ከተተወው ክፍተት አንድ የፀሐይ ዘንግ ገብቶ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ ሬሉን ተሻገረ፣ ቀጥሎም አዲስ ቆርቆሮ የሚያበራውን ያህል በሚያበራው ጋልቫናይዝድ ቁራጭ ላይ አረፈ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ኮንትሮሉ የሚያየው አሁን ያልተጋረደ ሴንሰር ነው። በእጄ የነበረውን የካርቶን ቁራጭ በፀሐዩና በሴንሰሩ መካከል ባደርገው መብራቷ ተመልሳ በራች፤ ካርቶኑን ሳነሣ ጠፋች። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት።

የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ኢንፍራሬድ በብዛት አለ። ጥሩ ሴንሰር የራሱን ብርሃን በተወሰነ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሚልክ ከፀሐይ ብርሃን ይለየዋል፤ ይህኛው ግን ርካሽ ነበርና ይህን አያደርግም፤ ከብረቱ ላይ ነጥሮ የመጣውንም ብርሃን የራሱ አድርጎ ተቀበለው። ታዲያ ባለፉት ዓመታት ለምን አልታየም? መልሱ ከሕንፃው ውጭ ነበር፤ ከጎኑ ቆሞ ክፍተቱን ያጠላበት የነበረው ትልቅ ዛፍ በዚያ ዓመት ክረምት ተቆርጧል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከቀትር በኋላ በዚያ ክፍተት ትክክል ትሆናለች። ከአሥር ሰዓት ከሩብ በኋላ በሩ መከፈት የሚጀምረው ማዶ ያለው ሕንፃ ጥላ ስለሚደርስለት ነው። የከዚራ ዛፎች ለመንገዱ ብቻ ጥላ የሚሰጡ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዕለት ሁሉንም የብረት ቁራጮች ብርሃን በማይመልስ ጥቁር ቀለም ቀባኋቸው፤ ክፍተቱንም አየር እያሳለፈ ፀሐይ በማያስገባ ተደራራቢ ላሜራ አስከደንኩት። በማግሥቱ ሊፍቱ ደኅና ሆነ። እኔ ግን አልረካሁም፤ ፀሐይን ብንከለክል አቧራ ይቀራልና። ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነፋስ የሚያነሣው ብናኝ በጉድጓዱ ውስጥ በሁሉ ነገር ላይ ይቀመጣል፤ ተቀባዩ ላይ ሲደራረብ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይመጣል፦ ምንም ሳይጋርደው የተጋረደ መስሎ ይታያል። ይህኛው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ፎቅ በሌለበት ፎቅ አለ የሚል ሴንሰር ነውና። ለዚህ ነው በር ክልልን አንድ ሴንሰር ብቻውን እንዲመሰክር መተው የማይገባው፣ በሁለት የተለያዩ መስመሮች መረጋገጥ ያለበት።

ሁለተኛው ዐይነት ምልክት ማግኔት ነው፤ ለድሬዳዋም የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። በሬሉ ላይ ማግኔት ይለጠፋል፣ ካቢኑ ላይ ሪድ ስዊች ይታሰራል። ሪድ ስዊች እ.ኤ.አ. በ1936 በቤል ላቦራቶሪዎች ዋልተር ኤልዉድ የፈለሰፈው ቀላል ነገር ነው፤ በመስታወት ቱቦ ውስጥ የታሸጉ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉት፣ ማግኔት ሲቀርባቸው ይነካካሉ፣ ሲርቃቸው ይለያያሉ። መስታወቱ የታሸገ ስለሆነ አቧራ አይገባበትም፤ ብርሃን ስለማይጠቀም ፀሐይ አያታልለውም። ለሊፍት የሚመቸው ደግሞ ባይስቴብል የሚባለው ነው። ይህኛው የማግኔት አንዱ ጫፍ ሲያልፍበት ይዘጋል፤ ማግኔቱ ከራቀ በኋላም ተቃራኒው ጫፍ እስኪመጣ ድረስ እንደተዘጋ ይቆያል። መብራት ቢጠፋም ያለበትን አይረሳም፤ ሁኔታው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በብረት የተያዘ ነው።

መብራት መጥፋት የራሱ ታሪክ አለው። ቆጠራ ብቻ ያለው ሊፍት መብራት ሲጠፋበት ቁጥሩን ይረሳል። አንዳንዱ ኮንትሮል የመጨረሻውን ቁጥር በማኅደረ ትውስታው ይይዛል፤ እሱንም ሙሉ በሙሉ ማመን አይቻልም፤ ምክንያቱም መብራት ጠፍቶ ሰው ውስጥ ሲቀር ፍሬኑ በእጅ ይለቀቅና ካቢኑ ወደ ቅርቡ ፎቅ እንዲሄድ ይደረጋል፣ በዚያን ጊዜ የሚቆጥር የለም። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ሊፍቱ የማንንም ጥሪ ሳይቀበል በዝግታ ወደ ታችኛው ወይም ወደ ላይኛው ጫፍ ሄዶ፣ እዚያ ያለውን ምልክት አግኝቶ፣ ቆጠራውን ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ጉዞ «ሊፍቱ አበደ» የሚሉ ብዙ ናቸው። አስረግጬ የምለምነው አለ፦ መብራት ተመልሶ ሊፍቱ በዝግታ ሲሄድ ካያችሁት ሜይን ስዊቹን አታጥፉበት። ፍለጋውን ሳይጨርስ ባጠፋችሁት ቁጥር ፍለጋውን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ቴክኖሎጂ የሚወዱ ወጣቶች ስልክ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት መለኪያ ለዚህ አይበቃም ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ከሐረር ተነሥተን የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ጆሯችን የሚደፈነው የአየር ግፊት ከፍታን ተከትሎ ስለሚለወጥ ነው። እኔም ትንሽ የግፊት ሴንሰር ካቢን ውስጥ አስቀምጬ ሞክሬዋለሁ። በድሬዳዋ ከፍታና ሙቀት አንድ ሔክቶ ፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ለ10 ሜትር ያህል ከፍታ ይመጣል፤ ስለዚህ የ3.2 ሜትር ፎቅ 0.32 ሔክቶ ፓስካል ይሆናል፣ ሴንሰሩም ፎቅ በፎቅ ሲወጣ በግልጽ ያሳያል። ችግሩ የመጣው ካቢኑን ምድር ቤት አቁሜ ቀኑን ሙሉ ስተወው ነው። እንደኛ ባለ ሞቃት አገር ፀሐይ ከባቢ አየሩን ስለምታሞቅ ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በጠዋቱና በማታው አራት ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ በአሥር ሰዓት አካባቢ ደግሞ ዝቅ ይላል። ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ልዩነቱ ሦስት ሔክቶ ፓስካል ያህል ይደርሳል፤ ይህም 30 ሜትር ማለት ነው። ከቦታው ያልተነቃነቀው ካቢን በሒሳቡ መሠረት ከሕንፃው ጣራ በላይ ወጥቶ ዘጠነኛ ፎቅ ደርሷል።

ሌላ ሴንሰር ምድር ቤት አስቀምጦ ልዩነቱን ብቻ መውሰድ የቀኑን ለውጥ ያስወግዳል። ያኔም ቢሆን ካቢኑ በጠባብ ጉድጓድ ሲሮጥ አየሩን ወደፊት ስለሚገፋ ንባቡ ይዋዥቃል፤ ከአንድ ሜትር የተሻለ ትክክለኛነትም አላገኘሁበትም። የፍጥነት ለውጥ መለኪያው አክስሌሮሜትርም ብቻውን አይረዳም፤ ርቀት ለማግኘት ንባቡ ሁለት ጊዜ መደመር ስላለበት፣ በካሬ ሰከንድ የአንድ ሳንቲ ሜትር ስሕተት በሃያ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሜትር ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ሊፍቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰና የት ፎቅ ላይ እንደሚበዛ ከሩቅ ለመከታተል ጥሩ ናቸው። በር ለማስከፈት ግን አይሆኑም።

ቆጠራን ጨርሶ የሚያስቀር መንገድ አለ፤ ቢቻለኝ በአዲስ ሕንፃ ሁሉ ላይ የማስገባው እሱን ነው። ከጉድጓዱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቴፕ ይወጠራል፤ ቴፑ ላይ በእያንዳንዱ ከፍታ የማይደገም ኮድ አለ። በአንዳንዱ ኮዱ በማግኔት የተጻፈ ነው፣ በአንዳንዱ የማይዝግ ብረት ተበስቶ በኢንፍራሬድ ይነበባል፣ ሌላው ደግሞ በካሜራ የሚነበብ ነው። ካቢኑ ላይ ያለው አንባቢ ኮዱን አይቶ ያለበትን ከፍታ በሚሊ ሜትር ደረጃ ወዲያው ይናገራል። ጉድጓዱ ከላይ እስከ ታች የኪሎ ሜትር ምልክት ሆነ ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈልገው ነገር የለም፤ የገመድ መለጠጥም ሆነ መንሸራተት አያሳስተውም። በአውሮፓ የሚሠራ ሌላም ዘዴ አለ፦ ከላይ እስከ ታች በተወጠረ የብረት ሽቦ ውስጥ ካቢኑ የድምፅ ምት ይልካል፤ ምቱ ጫፍ ለመድረስ ከወሰደበት ጊዜ ከፍታው ይሰላል። ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,000 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ አንድ ሚሊ ሜትር ለመለየት የሰከንድ አምስት ሚሊዮንኛ ክፍልን መለካት ያስፈልጋል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

በከዚራው ሕንፃ ቴፕ ለማስገባት ኮንትሮሉን መለወጥ ያሻ ስለነበር ማግኔት መረጥን። የሁሉም መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር፣ ሲበላሽ በቀላሉ የሚተካ ነገር መምረጥም የባለሙያው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ፍርሃት ላስወግድ። የቦታ ሴንሰር ሲሳሳት ሊፍቱ ይወድቃል ብለው የሚሰጉ ሰዎች አሉ። አይወድቅም። ከላይኛውና ከታችኛው ፎቅ አለፍ ብሎ ፋይናል ሊሚት ስዊች አለ፤ ካቢኑ ከነካው ኮንትሮሉ ምንም ቢያምን ኃይሉን ቆርጦ ፍሬኑን ያስይዛል። ገመድ ቢበጠስ ደግሞ ካቢኑን ሬሉ ላይ የሚያጣብቀው መያዣ አለ፤ መሠረተ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ በኒው ዮርክ በሕዝብ ፊት ገመዱን አስቆርጦ ያሳየው ነው። ለእኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲገባ ካቢኑ ቢንቀሳቀስ ነው። የአውሮፓው ደረጃ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ከፎቁ ደፍ 1.20 ሜትር ሳይርቅ እንዲገታ ያስገድዳል፤ እንቅስቃሴውን የሚያስታውቁትም እነዚሁ የበር ክልል ሴንሰሮች ናቸው። የብርሃን ሴንሰሩን ቀለም በመቀባት ብቻ ትቼ ልሄድ ያልቻልኩት ስለዚህ ነው።

ማግኔቶቹን የገጠምነው በጥር ወር በአንድ እሑድ ነው። በየፎቁ በመጀመሪያ ካቢኑን በዝግታ ነድተን ሁለቱን ደፎች በውሃ ልክ አስተካከልን፤ ከዚያ ማግኔቱን ሬሉ ላይ አደረግነው፣ ቦታውንም በማይጠፋ ቀለም አሰመርንበት፤ ማግኔት ከንዝረት የተነሣ በዓመታት ውስጥ ሊንሸራተት ይችላልና የሚቀጥለው ጠጋኝ ከመሥመሩ አንጻር እንዲያየው ነው። ለበር ክልሉ ሁለት ሪድ ስዊቾች በሁለት መስመር ሰጠን። በመጨረሻም ሊፍቱ ከታች እስከ ላይ አንድ ጊዜ እየተማረ እንዲወጣ አደረግነው፣ አዲሶቹን የምት ቁጥሮችም በኮንትሮል ካቢኔቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በለጠፍኩት ካርድ ላይ ጻፍኳቸው።

ሰኞ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ላሜራውን ለጊዜው አንሥቼ ፀሐዩ እንዲገባ ካደረግሁ በኋላ፣ ከስፌት ባለቤቷ እናት ጋር ከምድር ቤት ተሳፈርን። እጃቸው ላይ የደረሰኝ ጥራዛቸው ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ደረስን፣ በሩ ተከፈተ። ጎንበስ ብዬ በሁለቱ ደፎች መካከል ያለውን ልዩነት ለካሁ፤ 3 ሚሊ ሜትር ነበር። እሳቸውም ጥራዙን ገልጠው ከአሥራ አራቱ መስመሮች ሥር ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ከጎኑም «ተከፈተ» አሉበት።